ደወሉና ዱባው

ሰው በሰላም በተኛበት፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከአናቱ በላይ ደወል ሲመታበት ምን ያደርጋል? እኔ ሦስት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን ጋውኔን ደርቤ፣ ሻሼን በግማሽ አስሬ፣ ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣሁ። ለጠብ ነው የወጣሁት፤ ምን ያስዋሸኛል። ደረጃውን ስወጣ የምናገረውን በእንግሊዝኛ አዘጋጅ ነበር፤ ስናደድ እንግሊዝኛው ጥሎኝ ይጠፋላ። ያን ጊዜ አፌ ላይ የሚመጣልኝ የሠፈሬ ስድብ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ አገር ማንንም አያስቀይምም።

ለእንቅልፌ እንዲህ የምሳሳው ወድጄ አይደለም። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገሬን ለቅቄ፣ ክሮይደን የስደተኞች ጉዳይ ቢሮ ስመላለስ ስንት ጫማ ጨርሼ፣ በመጨረሻ ወረቀቴ ሲወጣልኝ ለንደን ውስጥ ኬንቲሽ ታውን የካውንስል ፍላት፣ የኛን አገር የቀበሌ ቤት በሉት፣ ደረሰኝ፤ ሥራም ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ አገኘሁ። ለሕፃናት ምሳ አቀርባለሁ። ሥራውን እወደዋለሁ፣ ልጆቹንም እወዳቸዋለሁ። ችግሬ አንድ ነው፤ ሳይበላ ሳህን የሚመልስ ልጅ ሳይ አንጀቴ አይችልም። ሹካውን ተቀብዬ፣ «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» ብዬ አጎርሰዋለሁ። ኃላፊዬ ሁለት ጊዜ ቢሮ ጠርታ፣ «እባክሽ፣ ልጅ ማጉረስ እዚህ አይፈቀድም» ብላኛለች። እሺ እላለሁ፤ ዞር ስትል አጎርሳለሁ።

ወደ ደወሉ ልመለስ። በሩን የከፈቱልኝ ከላዬ የሚኖሩት ጃፓናዊት አሮጊት ናቸው። የምንግባባው በእንግሊዝኛ ነው፤ በልቤ ግን ምንጊዜም አንቱ እላቸዋለሁ። ከእንግሊዛዊ ባላቸው ጋር እዚያ ፎቅ ላይ የኖሩት እኔ ከመምጣቴ በፊት ጀምሮ ነው። ባልየው ዶፍ እየወረደም ቢሆን ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ «ደስ የሚል ቀን ነው፣ አይደል?» የሚሉ ሰው ነበሩ። ያን ዕለት ሴትዮዋ ጠጉራቸውን አበጥረው፣ ጥቁር ሹራብ ለብሰው ቆመዋል። ያዘጋጀሁትን ልለቀው አፌን ስከፍት ከትከሻቸው በላይ የባልየውን ፎቶግራፍ አየሁ። በሩ የተከፈተ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ቆሟል። ፊት ለፊቱ ጎድጓዳ ሳህን የሚመስል የነሐስ ደወል፣ ጥቂት ሩዝ፣ አንድ ኩባያ ሻይ በወተት፣ አንድ ብስኩት።

ዓይኔ ኩባያው ላይ መቅረቱን አይተው፣ «ባለቤቴ ሁለት ስኳር ነው የሚጨምረው» አሉኝ። ከሞቱ ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

እንዲህ አፍሬ አላውቅም። ጎረቤቴ ከአናቴ በላይ ሞቶ አልሰማሁ። የሰማሁት ደወሉን ብቻ፣ የመጣሁትም ልጣላ! አዲስ አበባ ቢሆን ዕድርተኛው ዓይኔን አያየውም ነበር። እዚያው በራፉ ላይ፣ በጋውን፣ ለቅሶዬን ለቀቅኩት። እሳቸው አላለቀሱም፤ ይልቅ ለእኔ መሐረብ ፈልገው አመጡ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ ሳልጠይቃቸው አልገባም። ባዶ እጄንም አልሄድም፤ አንድ ቀን ምስር፣ አንድ ቀን ጎመን፣ አንድ ቀን የድንች አልጫ። ሁዳዴ ስለነበር ያለኝ ይኸው ነው። እሳቸው ሁለት ማንኪያ ቀምሰው፣ እጅ ነስተው፣ ይተዉታል። ከስተዋል። «ይብሉ እንጂ» ስላቸው ወሬ ለማስለወጥ ቾፕስቲክ አያያዝ ያስተምሩኛል። ከገበያ የገዛሁትን ሽምብራ ከአንዱ ሳህን ወደ ሌላው በሁለቱ እንጨቶች ማሸጋገር ነበር ልምምዱ። መጀመሪያ ሽምብራው ሶፋ ሥር ተንከባልሎ አለቀ። በሁለተኛው ሳምንት ግን፣ ጉራ አይሁንብኝ፣ ምስርም ማንሣት ችዬ ነበር።

አንድ ቀን ሽምብራ ስለቅም፣ «በሚቀጥለው ቅዳሜ አርባ ዘጠነኛው ቀን ነው» አሉኝ። «ዊልስደን ቤተ መቅደስ አለን። ጸሎት ይደረግለታል። ዘመድ የለኝም፤ ወንድሙም ካርድ ልኬያለሁ ብሏል። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«የኛ እኮ አርባ ነው» አልኩ። «ዘጠኙን ቀን ምን ያቆያችኋል?»

ጥቂት አሰቡና፣ «ሌላውን አላውቅም፣ የኔ ባል መንገድ ሲጠፋው ሰው መጠየቅ አይወድም ነበር» አሉ።

እሄዳለሁ አልኩ። አልኩና ቤቴ ስገባ ፍርሃት ያዘኝ። የጣዖት ቤት ልገባ ነው እንዴ፣ ያውም በሁዳዴ? ለነፍስ አባቴ ደወልኩ። «አባ፣ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ልሄድ ነው» አልኳቸው።

«ምን ልትሠሪ?»

«ለለቅሶ።»

«ለቅሶ መድረስ ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው? ብቻ እንዳትሰግጂ። ደግሞ ጾም ነው፤ የሚያቀርቡልሽን አይተሽ ብዪ።» እግዜር ይስጣቸው፣ ነገር አያንዛዙም።

ቅዳሜ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ነጠላዬን በቦርሳ ይዤ ወረድን። ሴትዮዋ በሐምራዊ ጨርቅ የታሠረ አንድ ሣጥን አቅፈዋል። ኦቨርግራውንድ ውስጥ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ባቡሩ ሲንገጫገጭ ሣጥኑ ሲያስቸግራቸው አየሁና፣ «ያምጡት፣ እኔ ልያዝ» ብዬ ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ከበድ ይላል። ለድግሱ የሚሆን ኬክ መሰለኝ።

«ምንድን ነው?» አልኩ።

«ባለቤቴ ነው።»

«በስመ አብ!» ጮኼ ኖሮ ፊት ለፊታችን ጋዜጣ የሚያነበው ሰውዬ ቀና አለ። ልጥለው ምንም አልቀረኝም። እኛ ሬሳ ሲቃጠል አናውቅም፤ አፈር ነህና ወደ አፈር ትመለሳለህ ነው የተባልነው። እኔ ደግሞ ደረጃ ላይ ሰላም የሚሉኝን ሰውዬ እንደ ገበያ ዕቃ ታቅፌያቸዋለሁ። በልቤ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ሣጥኑን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ።

ሴትዮዋ እጃቸውን በጨርቁ ላይ አሳረፉ። «አገሬ ቢሆን ይህን የምሞላው እኔ ነበርኩ» አሉ። «እሳቱ ሲያበቃ ዘመድ ይጠራል። አጥንቱን ከእግሩ ጀምረን እስከ ራሱ እያነሣን ውስጡ እናስቀምጠዋለን። ለብቻ አይነሣም፤ አንዱን አጥንት ሁለት ሰው ነው የሚያነሣው። እኛ ሰው የምንሸኘው እንዲህ ነው።»

«እዚህስ?»

«እዚህ ፈጭተው ሰጡኝ። ለሁሉም እንዲህ ነው አሉኝ። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የአገሩ ደንብ ነው። ግን ዱቄት ነው። የሚነሣ ነገር የለውም።» የጨርቁን ቋጠሮ አስተካከሉ። «ይህን ከተረከብኩ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ደወሉን የምመታው ለጸሎት ይመስልሻል፣ አይደል?»

«አዎ።»

«ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። አልሸኘሁትም።»

እኔ አፈኛዋ፣ ለእንቶ ፈንቶው ሁሉ መልስ የማላጣው፣ እስከ ዊልስደን ድረስ ሣጥኑን ብቻ ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ቤተ መቅደስ ሲሉኝ ጉልላት ጠብቄ ነበር። ለካ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በተደረደሩት ቤቶች መካከል ያለ አንድ ተራ ቤት ነው፤ በራፉ ላይ እንደ ጎረቤቱ ሁሉ የቆሻሻ ቢኖች ተደርድረዋል። በሩን የከፈቱት ካህን ጥቁር ልብስ ለብሰው፣ ራሳቸውን ተላጭተው፣ ከሥር ወፍራም የሱፍ ካልሲ አድርገዋል። መነኩሴ ናቸው ብዬ ዝቅ ስል ከኋላቸው ሚስታቸው ሽርጥ ታጥቀው ብቅ አሉ። እንግዲህ ቄስ ናቸው ማለት ነው ብዬ ነገሩን በኛ ደንብ አስተካከልኩት።

ጫማ ማውለቁ አልከበደኝም፤ እኔም ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቄ ነው የምገባው። አወለቅኩና ወደ ውስጥ ላልፍ ስል ግን አንዲት ረዥም ጃፓናዊት ወይዘሮ፣ የሴትዮዋ የድሮ ወዳጅ ናቸው፣ ክንዴን ነካ አድርገው ጫማዬን አሳዩኝ። አፍንጫው ወደ በሩ መዞር አለበት። አዞርኩ። ምንጣፉ ላይ ስወጣ ደግሞ ጠርዙን ረግጠሻል ተባልኩ። በየደብሩ እንዲህ ያሉ እናት አይጠፉም፤ ነጠላሽን አስተካክዪ፣ በዚህ በኩል አትቁሚ የሚሉ። እኔ ክሮይደንን ያሸነፍኩ ሴት፣ ለእሳቸው እሺ እመቤቴ ከማለት ሌላ አቅም አልነበረኝም።

የሰውየውን ሣጥንና ፎቶግራፍ ከፊት አኖሯቸው። እኛ መሬት ላይ ተንበርክከን ተረከዛችን ላይ ተቀመጥን። ካህኑ በአንድ እጃቸው ክብ የእንጨት ከበሮ እየደበደቡ ዜማውን ያዙት። ቃሉ አይገባኝም፤ ወጣ ገባ አይልም፣ እንደ ወራጅ ውኃ ዝም ብሎ ይሄዳል። እኔ ልጅ ሆኜ ግዕዙ መቼ ገብቶኝ ነበርና? ዓይኔን ጨፍኜ በራሴው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እል ጀመር። ችግሩ እግሬ ነው። ሦስት ሰዓት ቁሚ በሉኝ፣ እቆማለሁ፤ ተረከዝ ላይ መቀመጥ ግን ማን አስተማረኝ? በሩብ ሰዓት ውስጥ ከጉልበቴ በታች የኔ አልሆን አለ።

በየተራ እየተነሡ ዕጣን መጣል ነበረ። ደቃቁን ዕጣን በሦስት ጣት ቆንጥሮ፣ ወደ ግንባር ከፍ አድርጎ፣ ፍሙ ላይ መጣል። ተራዬ ሲደርስ ለመነሣት ሞከርኩ፤ እግሬ ደንዝዞ ካህኑ ጀርባ ላይ ልዘረር ስል ረዥሟ ወይዘሮ በቀበቶዬ ያዙኝ። ፍሙ ፊት ደርሼ ደግሞ ጨነቀኝ። በእኛ ዘንድ በቤተ መቅደስ ዕጣን የሚያሳርገው ካህን ነው፤ እኔ ማን ነኝ? ዞር ስል ሴትዮዋ እያዩኝ ነው። «ለጎረቤቴ ነፍስ ነው፣ አንተ ታውቃለህ» ብዬ ቆንጥሬ ጣልኩ። አልሰገድኩም። ባልየው ከፎቶው ሆነው ደስ የሚል ቀን ነው፣ አይደል የሚሉ ይመስላሉ።

ጸሎቱ ሲያልቅ እዚያው ክፍል ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ዘርግተው ምግብ አቀረቡ። የካህኑን ሚስት ጠርቼ በጆሯቸው፣ «ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አለው?» ብላቸው ደነገጡ። «በቤተ መቅደስ? ፈጽሞ!» አሉኝ። ዱባ ቅቅል፣ እንጉዳይ፣ ካሮት፣ የአኩሪ አተር አይብ፣ አንድ ነጭ ሥር፣ ሩዝ። ጾማችን ተገጣጠመ! አባ ይህን ቢያዩ እሳቸውም ቁጭ ይሉ ነበር። በፎቶግራፉ ፊትም ለሟቹ ትንሽ ባዶ ሳህን ቀርቦላቸዋል።

ሁሉም መብላት ጀመረ። ሴትዮዋ ግን አንገታቸውን ደፍተው ሩዙን ያያሉ። አንድ ደቂቃ አየኋቸው፣ ሁለት ደቂቃ አየኋቸው። ሐዘንተኛ በራሱ እጅ አይበላም፤ ይህን የማያውቅ አበሻ የለም። ሰው ነው የሚያበላው፤ ጎረቤት ምን ሊሠራ ነው የተፈጠረው? ከዱባው ደህናውን፣ ወርቅ የመሰለውን፣ በቾፕስቲኬ አነሣሁ። እንዴት እንዳማረልኝ! ወደ አፋቸው አስጠጋሁና፣ «በሞቴ» አልኩ በአማርኛ። «አፈር ስሆን፣ አንዴ ብቻ።»

እሳቸው ቀና አሉ። ጉርሻ የት ያውቃሉ፤ ሊቀበሉኝ የራሳቸውን ቾፕስቲክ ከፍ አደረጉ።

«አይሆንም!» ረዥሟ ወይዘሮ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ከእንጨት ወደ እንጨት ምግብ አይቀባበሉም! እንዲህ የሚደረገው ለሬሳ አጥንት ብቻ ነው!»

አጥንቱን ሁለት ሆነን እናነሣለን ሲሉኝ እኔ በእጅ መስሎኝ ነበር። ለካ በዚሁ በቾፕስቲኩ ነው። በሰው ተዝካር ላይ፣ ለሐዘንተኛዋ፣ አጥንት ዘርግቼላቸዋለሁ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ዱባው ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ብመልሰውም ነውር፣ ብጥለውም ነውር። እንባዬ መጣ። «አላወቅኩም፣ ይቅር በሉኝ» ብዬ እጄን ልመልስ ስል፣ ከወዲያ በኩል የሴትዮዋ ቾፕስቲክ ዱባውን ያዘው።

«አትልቀቂው» አሉኝ።

አልለቀቅኩም። አንዱን ዱባ ሁለታችን ይዘን፣ ቀስ ብለን፣ በፎቶግራፉ ፊት ወዳለችው ትንሽ ሳህን ወሰድነው። እዚያ አስቀመጥነው። ሴትዮዋ ትንፋሻቸውን ሳቡ።

«እግሩ ነው» አሉ። «ሌላ አንሺ።»

እንጉዳይ አነሣሁ፤ ያዙልኝ፤ ወሰድነው። ካሮት አነሣሁ። ከዚያ አይቡን፤ እሱ ለስላሳ ነው፣ ይፈርሳል ብዬ ስፈራ አልፈረሰም። ካህኑ ሩዛቸውን አስቀምጠው፣ መዳፋቸውን ገጥመው፣ ያን ዜማ በዝግታ ጀመሩ። መጨረሻ ላይ ከጎድጓዳው ሳህን ክብ፣ ነጭ፣ በቅርጿ ቀይ ሥር የመሰለች፣ ስሟን የማላውቃት ሥር ቀረች። እስዋንም ለሁለት አንሥተን፣ እንደ ራስ፣ ከሁሉም በላይ አስቀመጥናት።

ረዥሟ ወይዘሮ ያለቅሳሉ። እያለቀሱ እጃቸውን ሰደዱና ሳህኗ ትንሽ ተጣማ ኖሮ ቀጥ አደረጓት። ሴትዮዋ ደግሞ ቾፕስቲካቸውን ጠርገው ሩዛቸውን አነሡ፤ በሉ። እኔ ነኝ የምላችሁ፣ የልጅ ሳህን ስቆጣጠር የምውለው፤ አንዲት ፍሬ አላስቀሩም። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህናቸውን ለካህኑ ሚስት ዘርግተው ድገሙኝ አሉ።

ሣጥኑን ለካህኑ አደራ ሰጥተን እዚያው አስቀመጥነው። ስንመለስ ሐምራዊውን ጨርቅ አራት አጥፈው ጭናቸው ላይ አድርገው በመስኮት ያያሉ። እኔ ስለ ጥፋቴ አሥረኛ ጊዜ ይቅርታ ስጀምር አቋረጡኝ።

«በሞቴ ያልሽኝ ምን ማለት ነው?»

«እምቢ ካሉኝ እኔ ልሙት ማለት ነው። ይብሉልኝ ማለት ነው።»

«እናንተ ሰው ለማብላት እስከዚያ ትሄዳላችሁ?» አሉና ሳቁ። ከተዋወቅን ወዲህ ሲስቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ እሑድ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኔ በራሱ ተከፈተ። ደወል የለም። ጠበቅኩ። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ፤ የለም። ትናንት ያን ሁሉ ሩዝ ያበላኋቸው ሰው! ጋውኔን ደርቤ፣ ሻሽ የለ ምን የለ፣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያደረግኩ ወጥቼ በሩን በጡጫ ደበደብኩ።

ቆይተው ከፈቱ። ጠጉራቸው ተንጨባሯል። ጉንጫቸው ላይ የትራስ መስመር አለ።

«ምን ሆኑ? ደወሉ አልተመታም እኮ!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

ዞረው ፎቶግራፉን አዩ፣ ሰዓቱን አዩ፣ እኔን አዩኝ።

«ተኝቼ ነበር» አሉ፤ ራሳቸውም የገረማቸው ይመስላሉ። «ዛሬ ይቅርታ የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም።»

ከዚያ ወደ ውስጥ አስገቡኝ፤ ሻዩን እኔ አፈላሁላቸው፣ ወተቱን አደረግኩ፣ ሁለት ስኳር ጨመርኩና በባልየው ፊት አስቀመጥኩት።